ከጣሪያው የጎደለው ወራጅ

እኔ የበግ ሐኪም ነኝ፤ ሙያዬ ግልገል ማዋለድ፣
ሰኮና መሞረድ፣ መርፌ ወግቼ መሄድ።
የሰው ሐኪም ናሪን ነው፣ ስድስት ሰዓት ቁልቁለት፤
እናም ኦሙርዛክን ፈረሱ የጣለው ዕለት
ጠሩኝ፤ መጣሁ፤ ቀሚሴን የበግ ቅባት እንደ ነካው፣
እጄን ግን ታጠብሁ፤ ሳሙና ነው ዋናው።

ቅልጥሙ ተሰብሮ፣ ሥጋው ተቀዶ ተከፍቶ፣
ነጭ ነገር ብቅ ብሏል፣ ብርሃን አያውቅም፣ ፈርቶ።
አንዱ ትምባሆ አመጣ፣ «ይነስነስበት» አለ፤
አንዱ «ሳቢው፣ ይግባ፤ ይመለሳል» እያለ።
«እጃችሁን ሰብስቡ! የወጣ አጥንት አይገፋም።
ቁስል ከረጢት አይደለም፣ ያገኙት አይከተትም።»

ፋሻ ነበረኝ ንጹሕ፣ ለላም የተገዛ ነው፤
ሰፋ ይላል እንጂ ደም የማን እንደሆነ መች ለይቶ አየው።
በአጥንቱ ዙሪያ አኖርሁ፣ ዳር ዳሩን ተጫንሁ፤
ሲርስ አላነሣሁትም፤ በላዩ ሌላ ጨመርሁ።
የተነሣ ጨርቅ የረጋውን ይዞ ይነሣል፤
ያኔ ደም እንደገና መንገዱን ያስታውሳል።
ቦቲውን በመሸለቻ መቀስ ስቀደው ሰደበኝ፤
በግ እንዲህ አይልም፤ ለነገሩ ሳቅ ነው የያዘኝ።

እንግዲህ እንጨት። ቀጥ ያለ። ሁለት።
ከጉልበት በላይ ጀምሮ ከቁርጭምጭሚት የሚያልፍለት።
ዙሪያዬን አየሁ፤
ሣር። ሐይቅ። ሰማይ። ፈረስ። ሣር።
ሶንኮል ላይ ዛፍ የለም፤ አንድ ቀንበጥ፣ አንድ አጥር።

ከሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ሸርጋዚ ቆሞ ነበር።
ከኦሙርዛክ ጋራ ሰባት በጋ አልተነጋገሩም፤
ስለ አንድ ውርንጭላ ነው፤ ዝርዝሩን አልጠይቅም።
አንዱ «አዋስሁት» ይላል፣ አንዱ «ሰጠኝ»፤
ውርንጭላዋ አድጋ፣ ወልዳ ሞተች፤ ያዋለድኋትም እኔው ነኝ።
ቂሙ ግን አልሞተም፤ ቂም መቼ ክትባት አለው?
እንደ ቋጠሩት አለ፤ ማን ደፍሮ ይፍታው?

ሸርጋዚ ምንም ሳይል ወደ ድንኳኑ ዘለቀ።
የጣሪያው ሱፍ ተነቃነቀ፣ በአንድ ወገን ላልቶ ወደቀ።
አንድ ወራጅ ይዞ ወጣ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣
አባቱ የጠረበው።
ጎባጣ ጫፉን በመጋዝ ጣለ፤
ቀጤውን በጉልበቱ ለሁለት ሰበረ።
ድምፁ ከአጥንት አይለይም፤ ኦሙርዛክ ፊቱን አዞረ።

ሱፍ ጠቀለልሁበት፣ እንጨት ሥጋ እንዳይነክስ፤
አንዱን በውስጥ፣ አንዱን በውጭ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ።
«ያዝልኝ» አልሁት ሸርጋዚን። ያንን እግር ያዘ፤
እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ፣ ክንዱ እስኪደነዝዝ ያዘ።
ከስብራቱ በላይ በመታጠቂያ፣
ከስብራቱ በታች በልጓም ገመድ፤
ስብራቱ ላይ ምንም።
እሱ ሊያግዘኝ ብሎ ቋጠሮ ጀመረ፣
ልክ ከቁስሉ ላይ።
እጁን መታሁት።
«ቋጠሮ ቁስል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ እንጨቱ አምጣው።
ጣት ያስገባ፤ ካላስገባ ጠብቋል፤ አላላው።»

ይህን ያልሁት ስለ ገመዱ ነው።
ሌላ አላሰብሁም፤ የበግ ሐኪም ነኝ።
ሁለቱ ግን ተያዩ፣
ከዚያም ሁለቱም ሐይቁን አዩ።

የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫንሁ፤ ነጣ፤ ለቀቅሁ፤ ቀላ።
ኩሚስ ጠየቀኝ፤ «ከሐኪም በፊት የለም፣ ከሐኪም በኋላ»።
«በየሩብ ሰዓቱ ጥፍሩን እይ» ብዬ ሸርጋዚን አዘዝሁ፤
ሌላ ሰው አልነበረም አልልም። ነበረ።
ጭነት መኪናው ላይ ወጣ፤ ከእግሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ሌሊት ዘነበ።
በጎደለው ወራጅ በኩል ውሃው ድንኳን ገባ፤
የሸርጋዚ ሚስት ጣሳ አስቀመጠች፤
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤
እሷም አላማረረች፣ እኔም አልጠየቅኋት።
ቁልቁል፣ በጭቃው መንገድ፣ በዚያ ሰዓት
አንድ ሰው በባትሪ ብርሃን
የሌላ ሰው ጥፍር ይጫናል፣
ይለቃል፣
እስኪቀላ ይጠብቃል።