ብርጭቆው

ሦስት ዓመት ሙሉ ዜና የሰማነው
የጥሩወርቅ ስልክ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ነው፤
ባዶ የሻይ ብርጭቆ፣ አፉ የተሸረፈ፣
ድምፅ እያጎላ ስንቱን ወሬ አሳለፈ።

ለዘመን መለወጫ መዋጮ ተባለ፣
ሦስት መቶ በነፍስ ወከፍ፤ "የለኝም" ያለም አለ።
ፒያሳ የማውቀውን ሱቅ አስፋልት ሆኖ አገኘሁት፣
ቸርችልን ቁልቁል በካፊያ ወረድኩት፣
ስታዲየም ጥግ ገባሁ።

"ይሄ ሠርግ ያስጨፍራል" አለኝ ሻጩ ወጣት፤
እኛ ስድስት ነን፣ ያለችን ሠርግ ሰኔ ሠላሳ ናት።
ባለ ገመዱ ጥንድ ረከስ ይላል፤ ግን
መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ምን ሊበጀን?
ገመድ አልባው ጣሳ ያህላል ቁመቱ፣
ስድስት ሰዓት ይሠራል ይላል ካርቶኑ፤ እውነቱ
ሌላ ሊሆን ይችላል።
ዘፈን ሊከፍት ሲል ሬዲዮ አስከፈትኩት፣
የሰው ድምፅ ካላሻከረ ብዬ ወሰድኩት፣
ከሺህ ስምንት መቶ ሁለት መቶ አስወረድኩት።
መቶዋን ከታክሲዬ ሞላሁ፤ የሒሳብ ሰው ሆኜ
አልመዘገብኳትም፤ በእግሬ መጣሁ፣ ካርቶኑን በጃኬት ሸፍኜ።

ቢሮ ስንከፍተው "የለኝም" ያለው ዘርጋው
ቀድሞ ስልኩን አገናኘ፤ ማን ደፍሮ ይከልክለው?
ተሳሳቅን።
ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ነካው ሳያስተውል፣
አራተኛ ፎቅ ሙሉ የልጅቱ ድምፅ ይላል፦
"አባዬ፣ የእማዬ እጥበት ነገ ነው፤ ብሩ ሞላልህ?"

ማጥፊያውን የሚያውቅ ጠፋ።

ጥሩወርቅ ተነሣች፤ ብርጭቆዋን አነሣች፣
ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ምንም ሳትል አዞረች።
ባዶ ሆዱን ስንቱን ቀን ሲጮኽ የዋለ፣
ብር በብር ላይ ታጥፎበት፣ ሞልቶ ዝም አለ።