መናኸሪያ አጠገብ

ጀልባው ከጎርጎራ በማለዳ ይነሳል፤
ማልዶ ያልደረሰ ጣናን በዓይኑ ይስማል።
እኛ ከዳባት ነን፣ ጎንደር ማደር አይቀር፤
ግን የትኛው ደጃፍ፣ የትኛው ሆቴል በር?

አርባ ዓመት መሬት የለካሁ ቀያሽ ነኝ፤
ርቀት ካልቆጠርኩ እንቅልፍም አይወስደኝ።
ሻንጣውን አንግቤ፣ አንጓችን አስከትዬ፣
ፒያሳን ዞርኩት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ።

የመጀመሪያው ከኮረብታው ላይ ነበር።
ጎንደር ከታች ሆና እንደ ተሰጣ ብቅል፣
የፋሲል ግንብ ጫፍ ከዛፍ መሃል ብቅ ሲል፣
ክራቫት ያሰረው ልጅ መጋረጃ ገልጦ
«ለዚህ እይታ ነው ሰው የሚመጣው ሮጦ»
አለን። አንጓች አየች። ደግማ አየች። ከዚያ
«ሌሊት ባጃጅ አለ እስከ መናኸሪያ?»
ልጁ ሳል ሳል አለው።
ሳልም መልስ ነው። ወረድን።

ሁለተኛው ከግንቡ አጥር ማዶ፣ ፎጣው ነጭ፣ ግቢው ጽድት ያለ።
«ሙቅ ውሃ አለ» አሉን፤ ቧንቧውን ከፈትነው፤
እንደ አዛውንት ተንፍሶ ዝም አለ። ዘጋነው።
ዋጋውን ሲነግሩን አንጓች ሳቋ መጣ፤
«ንጉሡስ ለግንቡ ይህን ያህል አወጣ?»
ከዚያ እስከ መኪናው ሺህ ሦስት መቶ እርምጃ፤
ለኔ እግር ማፍታቻ፣ ለጉልበቷ ፍርጃ።

ሦስተኛው ታፔላው «ሆ» ወድቆበት «ቴል» ነው፤
ከሥሩ ጎሚስታ፤ ግድግዳው ሰማያዊ ነበር ድሮ፣ ይመስለኛል።
መስኮቱን ስትከፍት ናፍጣ ገባ፣ አቧራ፣
ከሚኒባስ ጣሪያ የታሰረ በግ ጩኸት፣
«አዘዞ! ጭልጋ! ጎርጎራ! አንድ ሰው የቀረ!»
አንጓች ያን ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ።
አልጋውን በመዳፏ ጫን አለችው። ጮኸ።
«ይኸ ነው» አለችኝ።
«ይኸ?»
«አዎ፣ ይኸ።»

ከበሩ እስከ መኪናው ስድሳ ሁለት እርምጃ።
ሁለቴ ቆጠርኩት። አፌን ያዝኩ።

ማታ ሒሳብ ስከፍል ባለቤቷ መጡ፦
«አሥር ሰዓት ላይ ዘበኛው ያንኳኳል፤ አይሥጉ፣ አይቆጡ።»
«ስሙ ማነው?» አለች።
«ዘገየ።»
«ወንበር የሚይዝልን የሚኒባሱ ልጅስ?»
«ይርሳው።»
ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤
«ዘገየ ቀስቅሶን፣ ይርሳው ወንበር ይዞ፣
ጀልባው ይጠብቀናል ጎርጎራ ላይ ፈዞ!»

በሦስት መብራት ሄደ። ከነጫማዋ ጋደም አለች።

ያልነገርኳት አለ።
ያን የጎርጎራ መንገድ ስንቀይስ፣ በጎልማሳነቴ፣
ከወደቡ ጫፍ ቆሜ ጀልባ ሸኝቻለሁ ስንቴ።
ካርታ ላይ ሐይቁን ባዶ ነው የምንተወው፤
ውሃ ችካል አይቀበልም፤ እኔም የፈራሁት ይህን ነው።
በሰርጋችን ሰሞን «በጀልባ እወስድሻለሁ» አልኳት፤
ሠላሳ አንድ ክረምት «ዘንድሮ ሞልቷል»፣
ሠላሳ አንድ በጋ «ዘንድሮ ጎድሏል» እያልኩ አቆየኋት።
እሷም ዝም። ጉልበቷ ማበጥ ሲጀምር፣ አንድ ማክሰኞ፣
ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ስባ አወጣች፣
አቧራውን ደጅ ላይ አራገፈች።
በቃ፣ ይኸው ነው የተናገረችው።

ዘጠኝ ተኩል ሲል አንድ ሞተር ተነሳ፤
ግድግዳው ራደ፤ አልጋችን ከሥራችን
ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ… ውሃ ላይ ያለን ያህል።
በጨለማው እጇ እጄን ፈልጎ ያዘ።
«ቀያሹ፣ ከዚህ እስከ ሐይቁ ስንት እርምጃ ነው?»
አልቆጠርኩትም።
ጫማዬን በዳበሳ ፈለግኩ።

ደረጃው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል ዘበኛው።
አንጓች በከዘራዋ ጫፍ ነካ አደረገችው፦
«ዘገየ፣
ተነሳ፤ በር ክፈትልን።»