አረፋ

መርሳ ላይ ነው ነገሩ፣ ከፓፓያው ጥላ፣
ከሙሄ ፍሪጅ ቤት፣ ከበሩ በስተኋላ።
ደጁ ላይ ተጽፏል፦ «ፍሪጅ እንጠግናለን»፤
እኛ ግን ውስጥ ገብተን ፀሐይ እንሰፋለን።

ሠላሳ ስድስት ሴል፣ ሰማያዊ ደቃቃ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ብታስልበት የሚነቃ፤
የአንዱን ሆድ ከሌላው ጀርባ በእርሳስ ስናያይዝ፣
ሙሄ ትንፋሹን ሲይዝ፣ እኔም የእኔን ስይዝ።
መስታወቱ የመስኮት ነው፣ ፋርማሲው ሲዘጋ የገዛነው፤
ጽሑፉን ፍቀን ፍቀን ደክሞን፣ «መድኃኒ» ላይ የተውነው።

ችግሩ አየር ነው።
ከላስቲኩና ከሴሉ መሐል አንዲት ትንፋሽ ከቀረ፣
ክረምት በዚያ ገባ በለው፣ ዝገት ከዚያ ጀመረ።
የዚህ ሥራ ማሽን አለ፤ ዋጋውን ጠይቀን ስቀናል፤
የእኛው ማሽን ከሰው ቤት ነው፣ ለቅመን ለቅመን ገጥመናል፦
ከለስላሳ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕረሰር፣ ልቡ ያልደከመ፣
ብርድ መሥራቱን ትቶ አየር ሲምግ የከረመ፤
የሲኖትራክ ከመነዳሪ፣ ተቀዶ የተነጠፈ፣
ዳር ዳሩ በሞተር ሲሊኮን ከመስታወት የተለጠፈ፤
ከላይ ላሜራ፤ ከላሜራው ላይ ካውያ፣ ባለ ከሰሏ አሮጊቱ፣
አንሻ የበዓል ልብስ ልትተኩስ ስትል የነጠቅናት በሌቱ።

ቴርሞሜትር ከጤና ጣቢያ ተውሰን ነበር መጀመሪያ፤
አርባ ሁለት ሲደርስ አበቃ፤ ለሰው ትኩሳት ነው መለኪያ።
አንሻ ሳቀች። ጣቷን አርሳ ላሜራውን ነካ አደረገች፣
«ይኼ ለሐር ነው» አለች። ቆየችና ደግማ ነካች፣
«አሁን ለቴትሮን ሆኗል፤ ለጥጥ ሳይደርስ ያዙት» አለች።
ያቺን «ቴትሮን» ነው እንግዲህ ደብተራችን ላይ የጻፍነው፤
ዲግሪውን የሚያውቅ ይምጣ፤ እኛ በጨርቅ ነው የለካነው።

የመጀመሪያው ፈላ፣ እንደ ገንፎ ተፍለቀለቀ፤
ሁለተኛውን ቸኩለን ስንጫነው ስድስት ሴል ውስጡ ደቀቀ።
ስድስት ሴል ለሙሄ የስንት ቀን እንጀራ ነው፤
ምንም አላለም። ወጣና ፓፓያውን ውሃ አጠጣው።

ሦስተኛው የበዓሉ ዋዜማ ላይ ነው። መብራት የለም።
(መብራት ልንሠራ መብራት እንጠብቃለን፤ ይህን ለማንም አንናገርም።)
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ኮምፕረሰሩ ድንገት አጉረመረመ፤
ከመነዳሪው ሽቅብ ተሳበ፣ ሴሎቹን አንድ በአንድ ሳመ።
ወተት የመሰለው ላስቲክ በዳር በኩል ሊጠራ ሲዳዳው፣
ድርግም።
መብራት ኃይልን እንቅልፍ ወሰደው።

«ፖምፓህ!» አለኝ ሙሄ በጨለማው፣ «ፖምፓህን አምጣት!»
እኔ ብስክሌት አከራይ ነኝ። ሃያ ዓመት
ለመርሳ ጎማ ሁሉ ነፍስ ስዘራ፣ አየር ስሰጥ ኖርሁ፤
ያን ሌሊት የፖምፓዬን ቆዳ ገልብጬ፣ የሰጠሁትን ልነጥቅ ጎተትሁ።
ጎተትሁ።
ሦስት መቶ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ከአንድ ጀመርሁ።
አንሻ በስልኳ መብራት ከሰል ትጨምራለች፣
«አብሽር» ትላለች፣ «አብሽር»፤ ደሞም «ቴትሮን!» ትላለች፤
ጉልበቷ ላይ የልጅ ቀሚስ፣ እጅጌው ገና ያልገባለት፣
ሲነጋ ለዒድ ሶላት አንዲት ልጅ የምትወጣበት።

ጎህ ሲቀድ ላሜራውን አነሣነው።
ጠርቷል። እንደ ምንጭ ጠርቷል፣ ሴሎቹ ከሥር የተኙበት፤
በአንድ ጥግ ብቻ፣ «መድኃኒ» የሚለው ቀለም ካለበት፣
የምስር ፍሬ የምታህል ክብ አየር ቀርታለች፤
ቁጥሩ ሲጠፋኝ፣ ከአንድ ስጀምር ያመለጠች።
ሙሄ በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት፤ ፊቱ ጠቆረ።
ከመስጊዱ ተክቢራ ጀመረ።
አንሻ ጎንበስ ብላ አየቻትና ሳቀች፦
«በዚህ ቀን ምን ታኮርፋላችሁ? አረፋ ገባ!» አለች።

አሁን ማታ ማታ የስፌት መኪናዋ ይሰማኛል።
ካውያዋ ሆድ ላይ ላስቲክ ተጣብቆ ቀርቷል፤
ነጭ ሸሚዝ አታስነካትም፤ ባየችኝ ቁጥር ይህንኑ ታነሣለች፤
ዕዳ ነው፣ አልክድም።
ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ያቺን ጥግ አያለሁ፣
ሰፍታ እንደሁ፣ ውሃ ገብቷት እንደሁ።
እስካሁን ምስር ናት።
ወርጄ ጎማ እነፋለሁ።