ሦስት ዓመት የቆመ

ሸምሰዲን እባላለሁ፤ ሱቄ ገንደ ቆሬ፣
ፍሪጅ ስጠግን አለሁ፣ ከያኔ እስከ ዛሬ።
ሞተር ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ፣
በሽታውን አውቃለሁ፣ ሳልፈታው፣ ሳልገልጥ፤
ይሄ ጥቅልሉ ነው፤ ይሄ ጋዝ ጨርሷል፤
ይሄ ደግሞ ደህና ነው፣ ባለቤቱ አርጅቷል።

ልጄ ኢምቲሳል አለች፣ አራተኛ «ለ»፣
ሰማንያ ሦስት ልጅ ተጣቦ የዋለ።
በግንቦት ፀሐይ ላይ፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ደብተሯ በላቧ ታጥቦ ወደ እኔ መጣ፤
የመቶን አንዱን ዜሮ ላብ ጠርጎ ወስዶባት፣
«አስር» ብለሽ ነው ተብሎ ኤክስ ተደረገባት።

ከጣሪያው መሃል ላይ ማራገቢያ አለ፤
ሦስት ክንፍ፣ ሦስት ዓመት፣ ሸረሪት ያዘለ።
መስከረም ላይ ነው ያየሁት፣ ስመዘግባት፣ ቀና ብዬ፤
«ካፓሲተር ነች» አልኩ በሆዴ፣ ገና ከበሩ ዘልዬ፤
ዋጋዋ ሁለት ሻይ እንኳ አይሞላ፣
ከመሰላል በቀር አትፈልግም ሌላ።

ከዚያ ተለጠፈ፣ ማኅተም ያረፈበት፦
«የወላጅ፣ የተማሪ፣ የመምህር ኅብረት
ሊቀመንበር ይመርጣል፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት።»
ሚስቴ ሳቀች። «አቦ! አንተ? የራስህን ቤት
ፍሪጅ ሳትነካ ሁለት ክረምት ያለፈህ፣
ትምህርት ቤት ልጠግን ብለህ ነው መነሳትህ?»

እኔ ግን ተነሳሁ። ባጃጅ ሹፌሮቹን፣
ጫት ተራ ያሉትን፣ የታይዋን ሴቶቹን
ዞሬ ነገርኳቸው፦ «ብመረጥ፣ በሳምንት
ማራገቢያው ይዞራል፤ ዋሱ እኔ ነኝ» በማለት።
ካፓሲተሯን ገዛሁ፣ በኪሴ አኖርኳት፣
ልክ እንደ ክታብ ከደረቴ አዋልኳት፤
አልሰቀልኳትም። አስቀድሜ ብጠግን፣
ቅዳሜ ምን ልናገር? በምንስ ልመዘን?
«ደግሞ ጉቦ ይመስላል» ስላት ለነፍሴ፣
ቶሎ እሺ አለችኝ፤ እቃዋም ሰነበተች በኪሴ።

ቅዳሜ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ በሕፃናት ወንበር
ጉልበታችን አገጭ ነክቶ፣ ጉባኤ ነበር።
በአማርኛ ጀመርኩ፣ በኦሮምኛ ሞቅ አልኩ፣
በሶማሊኛ ቀልጄ፣ አስቄአቸው ወረድኩ።
ቀጥሎ ወይዘሮ አልጋነሽ ተነሱ፣
ምድር ባቡር ትኬት ቆርጠው ያረጁ፣ ድሬን ያዳረሱ፤
መነጽራቸውን ጠርገው «እኔ» አሉ፣ «ሞተር አላውቅም።
ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። ከዚህ በር አልጠፋም።»
ተቀመጡ። በቃ። ይኸው ነው ንግግሩ።
እጅ ይውጣ ተባለ። እጆች ተቆጠሩ።
ለእሳቸው ሰባ አንድ። ለእኔ ሠላሳ ስድስት።
(ከሰባ አንዱ አንዱ ክንድ፣ አምባር ያለበት፣
የማውቀው አምባር ነው፣ ከሠርጌ ዕለት።)

በደረቀው ደቻቱ፣ በአሸዋው ስንሄድ፣
ኢምቲሳል ጠጠር ትመታለች በመንገድ።
ድንገት «አባ» አለች፣ «ያቺ እቃ የት ናት?»
«የቷ?» «የኪስህ ናታ፣ ያሳየኸኝ ለት።»
«እዚህ» አልኩ ዳብሼ። ቆመች ከመንገዴ።
«ሳይመረጡ መጠገን ክልክል ነው እንዴ?»
ጠጠሯን መታቻት። ወደቀች ከሆዴ።

ከመስከረም እስከ ግንቦት ስንት ቀን ይሆናል?
ስንት ደብተር ራሰ? ስንት ዜሮ ጠፍቷል?

ሰኞ በማለዳ መሰላል ይዤ ሄድኩ።
ወይዘሮ አልጋነሽ በሩ ላይ ነበሩ፤ አፈርኩ።
ምንም ሳይሉ ቀርበው የመሰላሉን እግር ያዙ፣
አቧራው ነጠላቸው ላይ ሲዘንብ እንኳ አልተነዛነዙ።
ድሩን ጠረግኩ፣ ሽቦ ላጥኩ፣ እቃዋን አሰርኩ፤
«ይከፈት!» ብዬ ከላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።
ቀጭ አለ ማብሪያው። ምንም። ቀጭ፣ ቀጭ። ምንም።
መብራት የለም ለካ፣ በሰፈሩ የትም።

ወረድኩ። ከሕፃናቱ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን፣
ሰማንያ ሦስት ልጅ እስኪገባ፣ መብራት እየጠበቅን፣
ወደ ጣሪያው
አንገታችንን አቅንተን።