አንድ ቆርቆሮ ምስማር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰሜን ሚሺጋን ውስጥ፣ ውርጩ ሳይገፈፍ፣
መዝገቡን እይዛለሁ፤ የመጣውን ሰው ስም በተራ ለመጻፍ።
ቶይቮ፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ የጥንት መዳብ ቆፋሪ፤
ማርቫ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ ዘዋሪ፤
ኮልተን፣ ፍርድ ቤት አርባ ሰዓት ሥራ የቀጣው ጎረምሳ
(አርባው ካለቀ ከረመ፤ እኛም አላነሳን፣ እሱም አላነሳ)።
እኔን ወገቤን ስለሚያመኝ እርሳስ ነው የተሰጠኝ፤
የሌላውን ላብ በሰዓት መቁጠር ነው የደረሰኝ።

ጠባቂው አንድ ነው፤ የሚጠብቃቸው ፓርኮች አምስት፤
ሐሙስ ብቅ ይላል፣ ሰላም ብሎን ያልፋል በፍጥነት።
የቀረው የእኛ ነው፤ የወደቀ ግንድ፣ የፈረሰ አጥር፣ የተደፈነ ቦይ፣
የሽንት ቤቱ ቁልፍም ጭምር። ለዚህስ ግጥም ይጻፋል ወይ?

የፓርኩን ስም አልነግርህም፤ ትንሽ ነው፤ ካርታም ይረሳዋል፤
ፏፏቴው የሰው ቁመት አይሞላም፤ ጎብኚ ፎቶ ሳያነሳ ያልፈዋል።
ግን ሲመሽ፣ በነጫጭ ዛፎቹ መሃል፣ የሐይቁ ድምፅ ሲያስተጋባ፣
ሰው ያለ ምክንያት ድምፁን ይቀንሳል፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደገባ።

ደብዳቤው በሐምሌ መጣ፤ በሩ ላይ ተመታ በአራት ምስማር፦
«በጀት ስለሌለ ከጥቅምት ጀምሮ ዝግ ነው»፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር።
ቶይቮ ሁለቴ አነበበው፣ መነጽሩን በሸሚዙ ወልውሎ፤
«ዝግ? ወንዙንስ ማን ይዘጋዋል?» አለ ቀስ ብሎ፤
ከዚያ መዶሻውን አዙሮ አራቱን ምስማር ነቀለ፤
ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ፤ ምስማሩን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ።

ቆርቆሮው የቀለም ነበር፤ የሕፃን እግር እንዳይወጋ
ከእግረኛው ድልድይ የነቀልነውን ያጠራቀምንበት፣ ሦስት ክረምት ሦስት በጋ።

ማርቫ በየበሩ ዞረች፤ ድሮ ታሳፍራቸው የነበሩ ልጆች
ዛሬ ጺም አብቅለው፣ ልጅ አቅፈው፣ ፈረሙላት እንደ ተማሪዎች።
አንዱ ግን «ግብር እየከፈልኩ ደግሞ ጉልበት?» ብሎ በሩን ዘጋባት።
እውነቱን ነው አለችኝ፤ የቤቱን ቁጥር ግን ጻፈች፤ ለሌላ ጊዜ፣ ምናልባት።

ላንሲንግ ሩቅ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በሌሊት ነዳን፤
የማኪናክን ድልድይ ስንሻገር ነፋሱ እንደ ቅጠል አንገዳገደን።
ኮልተን የውሰት ክራባት አስሮ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ፤
ቶይቮ ቆርቆሮውን እንደ እንቁላል በጉልበቶቹ መሃል አስገብቶ።

ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ጸሐፊዋ ቆጣሪውን ከፈተች፤
ቀዩ ቁጥር ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ፤ «ይቀጥሉ» አለች።
ማርቫ ስለ ልጆቹ ተናገረች፤ እኔ ከመዝገቤ አነበብኩ፦
አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰዓት ሥራ። አፌ ደርቆ ውሃ ጠየቅኩ።
እንደራሴዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ ስልኩን ያያል፤
ቁጥር ሰምተው የጠገቡ ናቸው፤ ቁጥር ምን ያደርጋል?

ቶይቮ ተነሣ። ዝም። ሃያ ሰከንድ፣ አርባ ሰከንድ ነጎደ፤
የጻፈው ንግግር ጠፍቶበታል፤ እጁ ብቻ ራደ።
ከዚያ ቆርቆሮውን ገለበጠው፤ ያ ሁሉ ዝገት፣ ያ ሁሉ ጠማማ
በሚያብረቀርቀው ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ።
ጠበቃ መሳይ ሰው ደንግጦ ወረቀቱን ሰበሰበ፤
ስልከኛውም ቀና አለ፤ እጅጌው ላይ ያረፈውን ዝገት ታዘበ።

«ይህ» አለ ቶይቮ፣ «አንድ ሺህ ስድስት ነው። ከአንድ ድልድይ ብቻ የወጣ።
የቀረም አለ። በሩን ብትዘጉትም፣ በአጥሩ ሾልኮ ልጅ ሳይመጣ
አይቀርም። ያኔ ማን ይነቅልለታል?» ቆጣሪው ጮኸ፤ በቃ።
ይቅርታ ብሎ ሊለቅም ተንበረከከ፤ ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተንቋቋ።
ኮልተን ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ አብሮት ወረደ፤
ጸሐፊዋም ጎንበስ አለች። የስብሰባው ሥርዓት እዚያ ላይ ተናደ።

ተሳካ ብሎ የጨፈረ የለም። የተሰጠን አንድ ዓመት ነው፤
እስከ መጪው ጥቅምት። በጀቱም ግማሽ። ግማሹን የሚሞላው
ያው ቅዳሜ፣ ያው መጋዝ፣ ያው የሚያመው ወገብ፤
«ሥራ ፈቶች» እየተባልን በውርጭ መሰብሰብ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰው መጣ። በሩን የዘጋባት ያ ሰውዬም አለ፤
ስሙን ስጠይቀው «ግብሬን ልጠብቅ ነው የመጣሁት» አለ።
ጻፍኩት። ከሥሩ ባዶ መስመር ተውኩ፤ ለቶይቮ ነው፣ ቢመጣ፤
ጉልበቱን ሊያስጠግን ከተኛበት ሆስፒታል ሾልኮ ከወጣ።
ቆርቆሮው እግሬ ሥር ነው።
ኮልተን ከድልድዩ ይጮሃል፦ «አንድ ሺህ ሰባት!» ቆይ፣ ልጻፈው።