አራት ሎሚ

ሱሐር፣ ሌሊቱ ሊገባ፣ የባሕሩ ትንፋሽ ወፍሮ፣
ማቀዝቀዣው ከግድግዳው ያቃስታል አቀርቅሮ።
ሹሩቅ መጣች ወጥ ቤት፣ ደብተሯን አቅፋ፣
የነገውን የቤት ሥራ ረስታ ውላ፣ አሁን አኩርፋ።
"ብርሃን አምጡ ተብለናል፣ ከፍሬ የወጣ" አለችኝ፣
ዱቄት አምጡ እንደ ተባለ ሰው፣ እንደ ዋዛ ነገረችኝ።
እናቷ ስልክ ላይ፣ አባቷ ወደብ ላይ፣
እኔ አለሁ እንግዲህ፣ እጄ ሳሙና፣ ሳሕኑ ከራሴ በላይ።

"ሎሚ አለን?"
ሎሚ ይላሉ እነሱም፣ እርጥቡን፣ የደረቀ ጥቁሩን፤
የመጣሁ ሰሞን ካንድ አገር ቋንቋ ያወቅሁት እሱን ብቻ፣ እሱን።

መምህር አስማረ ትዝ አለኝ፣ ሐርቡ፣ ስምንተኛ ለ፤
መዳብ የለ፣ ሽቦ የለ፣
በጠመኔ ሎሚ ሣለ፣
በጠመኔ አምፖል ሣለ፣
"በራ" አለ።
ስልሳ ሦስት ልጅ "በራ!" አልን።
ፈተና ላይ መጣ፣ አገኘሁት፤ ዓይኔ ግን አላየም ነበር
ከሰሌዳ ወርዶ፣ በእጅ ተይዞ፣ ያ ነገር።

ግቢ ወጣሁ። ዛፉ ሥር፣ እሾሁ እየቧጠጠኝ፣ ቆምኩ፣
ባትሪ አብርቼ የባትሪ ፍሬ ለቀምኩ።
በመዳፌ አሸኋቸው፣ ሆዳቸው እስኪላላ፣
ከዚያ ጎን ለጎን ሁለት ቁስል፣ ሳይነካካ፣ በቢላ።
ባንዱ የዐሥር ባይሳ ሳንቲም፣ ባንዱ ዚንክ የለበሰ ምስማር፤
ሽቦው ካረጀው ቻርጀሬ፣ ስልኬን ካኖረልኝ፣ አገር ቤት ሳወራ ሳድር።
አምፖሏን ከተሰበረ መጫወቻ መኪና ዓይን ነቀልናት፣
የምስር ፍሬ ናት።

አንድ ሎሚ። ጨለማ።
ሁለት። ጨለማ።
ሐምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲባል ሰማሁ እንጂ፣
ላንዱ ሎሚም መብራት ሸክሙ መሆኑን ማን ነገረኝ? እንጃ።
የዚህን ምስማር ከዚያ ሳንቲም፣ የዚያን ከወዲያኛው አያያዝን፣
እንደ ደቦ፣ ትከሻ ለትከሻ አሰለፍን።
አራት።
የወጥ ቤቱን መብራት አጠፋሁ። አሁንም ጨለማ።
"ረጅሙ እግር ወደ መዳቡ!" የሚል ድምፅ፣ ከየት እንደሆነ ልስማ?
ገለበጥኳት።

በራ።
በራ ማለት ይበዛባታል፤ ሊሞት ያለ የክብሪት ጫፍ
ያህል ቅላት፣ በጣቴ ጥፍር ላይ የምታርፍ።
ሹሩቅ ግን ጮኸች። እኔም "በራ!" አልኩ፣ ባማርኛ፤
"በራ" አለች ተቀብላ፣ ስልሳ አራተኛ።

እናት መጣች፣ ስልኳን ደግና።
"ማሻአላህ ሎሚው!" ሎሚው ፎቶ ተነሣ፣
ሳንቲሙ ተነሣ፣ ሹሩቅ ስትስቅ ተነሣች፤
ስትሄድ፣ ልጅቱ ጆሮዋን አቀረበች።
ሎሚው መንገድ ነው፣ አልኳት፣ ጉልበቱ የሱ አይደለም፣
ሳንቲሙም ተቀባይ ነው፣ የሚጎድልበት የለም።
የሚያልቀው ምስማሩ ነው፣
በጎምዛዛው ውስጥ፣ ቅንጣት በቅንጣት የሚሟሟው።
"ያመዋል?"
ምስማር አያመውም፣ አልኩ። ቶሎ አልኩ።

ጧት እናት "ሎሚዎቹን ጭመቂልን" አለች።
አይጠጣም እመቤቴ፣ ብረት ቀምሷል። ገረማት፤ ሄደች።
ጣልኳቸው። ሳንቲሞቹን አጠብኩ፣
ዐሥር ባይሳ ነበሩ፣ አሁንም ዐሥር ባይሳ፤ መለስኩ።
ከምስማሮቹ አንዱን፣ ጫፉ የጠቆረውን፣ የሻከረውን፣
ኪሴ ከተትኩት፤ ውሉ ሊያልቅ ስምንት ወር ነው የቀረውን።

ማን ይሰጠኛል ቁጥሩን፣ የመምህር አስማረን?
በራ ልበለው።
ጠመኔው አልዋሸንም ነበር፣ ልበለው።