ድርሻ

ሰኔ ነው፤ መብራት ሄዷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ያወራል፣
ከመስኮቱ የተረፈው ብርሃን በማይክሮስኮፔ መስታወት ይቃናል።
የሽንኩርት ሥር ነው፤ ከሄርማታ ገበያ ለወጥ ብዬ የገዛሁት፣
ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጬ ሥር ሲያወጣ የቆረጥኩት፣
ቀይ ቀለም አጠጥቼ በአውራ ጣቴ የደፈጠጥኩት።

ተማሪዎቼ በተራ መጡ፣ አንድ ዓይን ጨፍነው እየተጎነበሱ፤
"ክር ነው!" "የለም፣ ትል ነው!" ሊደባደቡ ደረሱ።
"ክሩ" አልኳቸው "አስቀድሞ ራሱን ደግሞ ይጽፋል፣
መሃል ሜዳ ይሰለፋል፣ ወደ ሁለት ጫፍ ይጎተታል፤
ለዚያም አሥራ ስድስት፣ ለዚህም አሥራ ስድስት፤ የጎደለበት የለም።
ሥር የሚረዝመው እንዲህ ነው፤ የተላጠ ጉልበት የሚድነውም።"

ረምላ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች፦
"ሙሉው ከአባቴ፣ ሙሉው ከእናቴ ከመጣ፣ ቲቸር፣
በየትውልዱ እጥፍ አይሆንም? የት ሊደርስ ነው ይህ ነገር?"

መልሱን አውቃለሁ። ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤
"ግማሽ" ብዬ ጻፍኩና፣ እዚያው ላይ ቀረሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጊንጆ፣ ግቢያችን፣ ከዋንዛው ሥር፣
አባቴ ነዚፍ በዚህ፣ እናቴ ሸምሲያ በዚያ፣
በመሃል አባ ቢያ፣ በእጃቸው ብዕርና ዝርዝር።
"እኩል ለእኩል" አሉ። ላሚቱ ለእሷ፣ ወይፈኑ ለእሱ፤
አባቴ በመሮ የፈለፈላቸው ስድስት በርጩማዎች
ሦስት ሦስት ሆነው፣ እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ ተነሡ።
ምስማር ሳይቀር ተቆጠረ።
እኔ ጋ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ፤
ቀኖቼን እንጂ እኔን የሚቆርጥበት መስመር አልነበረም።

"ረምላ" አልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር፣ "ክፍፍል አለ። ግን ከሠርጉ በፊት ነው።
ልጅ ሊሆን የታሰበው ሕዋስ አርባ ስድስቱን ክር
ሃያ ሦስት አድርሶ ነው ደጅ የሚወጣው።
ከመለያየታቸው በፊት ጥንድ ጥንዶቹ ይተቃቀፋሉ፣
የአንዱን አያት ቁራጭ በሌላው አያት ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤
ከዚያ ዕጣ ነው። ማን ወዴት እንደሚሄድ ሽማግሌ አይጠየቅም።
ለዚህ ነው ወንድምሽ አንቺን የማይመስለው፤ አንቺም እሱን።"

የቀረውን አልነገርኳትም።
ትንሿ ጣቴ እንደ ነዚፍ ወደ ውስጥ መጉበጧን፣ መሮ ጨብጣ ሳታውቅ፤
ስቆጣ ዝም ማለቴ የሸምሲያ መሆኑን፣
ከክሩ ይሁን ከቤቱ እስከ ዛሬ ባላውቅ።
በየሕዋሴ ጥግ አንዲት እሳት እንዳለች፣
ከእናቴ ብቻ፣ ከእናቷ ብቻ፣ ሳትከፈል የመጣች፤
አባ ቢያ በዚያ ቀን ምድጃውን መቁጠር ረስተው ነበር።

እሱ ጅሬን ዳገት ላይ ገባ፣ እሷ ጊንጆ ቀረች፤
አዌቱ በመሃል ሃያ ክረምት ሞላና ጎደለ፣ ሰላምታም አልተሻገረ።
እኔ ግን ጠመኔ የሰነጠቀው ጣቴ በዳነ ቁጥር
ሁለቱ ተሰልፈው፣ ተቀድተው፣
ጎን ለጎን አዲስ ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤
ማንም ለእርቅ ሳይለምናቸው።

ደወል ተደወለ። መብራት መጣ። ብርጭቆዋን ልጠርግ አነሳሁ።
ረምላ አልወጣችም፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣
"ቲቸር" አለች፣
"ዕጣ ያልወጣለት ግማሽስ? እሱስ የት ይገባል?"

ዝናቡ አሁንም ቆርቆሮው ላይ ያወራል።